ፕሮጀክቱ ሲዘጋ ያልሄዱት ወይዘሮ አሰገደች ገብረሥላሴ

ወይዘሮ አሰገደች ገብረሥላሴ ከአባታቸው ከአቶ ገብረሥላሴ ወልደየስና ከእናታቸው ከወይዘሮ ወለተ ማርያም እንደሻው ጥቅምት 5 ቀን 1947 ዓ.ም. በሁሩታ ተወለዱ። ትምህርታቸውን በሁሩታና በአሰላ ተከታትለው በ1968 ዓ.ም. በዲክሲስ መምህርት ሆኑ። በ1971 ዓ.ም. ከአቶ አስናቀ ደጉ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋብተው ሦስት ልጆች አፍርተዋል። ከተማሪዎቻቸው እናቶች ጋር የሚጫወቱት በኦሮምኛ ነበር፤ ሲቆጡ ግን በአማርኛ ነው።

በ2007 ዓ.ም. ጡረታ ሲወጡ አንድ የውጭ የሰላም ግንባታ ድርጅት በአስተርጓሚነት ቀጠራቸው። ከዲክሲስ በላይ ያሉ ሁለት መንደሮች በአንድ ምንጭ ተጣልተው ሰው ሞቶ ነበር። ፕሮጀክቱ የሁለት ዓመት ነበር። በ2009 ዓ.ም. ሽማግሌዎች አሰላ መጥተው በሆቴል አዳራሽ ፈረሙ፤ ፎቶ ተነሡ፤ ቢሮው ተዘጋ፤ እንግዶቹም ሄዱ። ሦስት ወር ሳይሞላ ጠቡ አገረሸ።

ወይዘሮ አሰገደች ጥፋቱን በፈረንጆቹ አላላከኩም። ለትርጉም እንዲቀል ብለው አማርኛ የሚችሉትን፣ ከተማ የለመዱትን ሽማግሌዎች የመረጡት እርሳቸው ራሳቸው ነበሩ። ውኃውን የሚቀዱትን ሴቶች የጠየቀ አልነበረም። ይህንን ስሕተታቸውን በየመድረኩ ሳያፍሩ ይናገሩት ነበር፤ እኛ ቤተሰቦቻቸው ከሁሉ በላይ የምንኮራውም በዚህ ነው።

ማንም ሳይልካቸው ግማሹን በጋሪ፣ ግማሹን በእግር ወጥተው የሴቶቹን መሪ አዴ ሶፊን ደጅ ጠኑ። ሴቶቹም በሠርጋቸው ቀን ከእናቶቻቸው የተቀበሉትን ሲንቄ፣ ያንን ቀጭን በትር፣ ይዘው በጠበኞቹ መካከል ቆሙ። ሲንቄ የያዘች እናትን አልፎ መምታት በአርሲ ነውር ነው። ዕርቁ በምንጩ ዳር ሣር ላይ ወረደ፤ የውኃው ተራም ተደለደለ። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ በጥር፣ በዕርቁ ቀን እየወጡ ተራው መከበሩን ያዩ ነበር።

የድርጅቱ ሰዎች ተመልሰው መጥተው እንዲህ ያለው ሥራ ወደፊት እንዴት ይሁን ብለው ሲጠይቋቸው፣ «የምትሄዱበትን ቀን ቆርጣችሁ ነው የምትመጡት፤ መጀመሪያ እዚህ የሚቀረው ማን እንደሆነ ጠይቁ» አሏቸው። የራሳቸው ጭንቀት ግን «እኔስ ስሄድ?» የሚል ነበር።

ባደረባቸው የኩላሊት ሕመም ምክንያት ዘንድሮ በጥር መውጣት አልቻሉም። ከመንደሮቹ የአንዱ ሽማግሌ የሆኑት አቶ ጀዋር ሊጠይቋቸው ሲመጡ የዕርቁ ቀን መከበሩን ነገሯቸው።

«እኔን ሳትጠብቁ?» አሉ።

«ሳንጠብቅ፣ እማማ።»

«ተመስገን! ፕሮጀክቱ አሁን ተዘጋ» ብለው ሳቁ።

የካቲት 3 ቀን 2018 ዓ.ም. በተወለዱ በ71 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ። ባለቤታቸው፣ ሦስት ልጆቻቸውና ሰባት የልጅ ልጆቻቸው አሉ። ዛሬ አስከሬናቸውን የተሸከሙት የሁለቱ መንደር ሰዎች በተራ ነው፤ ተራውን የደለደሉት አዴ ሶፊ ናቸው።

አስታራቂው አምላክ ነፍሳቸውን ከደጋግ እናቶች ጋር ያሳርፍልን፤ እኛንም ከሚቀሩት ወገን ያድርገን። አሜን።