በመጋረጃ ፋንታ በር

...መጋረጃው ያኔ ቢጫ ነበር። ምስማሩን የመታኸው አንተ ነህ፤ አንዱን ጫፍ ከቁም ሣጥኑ በላይ፣ ሌላውን ከበሩ መቃን አጠገብ፣ ክፍሉን ለሁለት እንዲከፍል። እማማ ለተገብርኤል አልጋቸው ላይ ተቀምጠው፣ «ቀስ በል አንተ ልጅ፣ ግድግዳው ጭቃ ነው፣ ከነቤቱ እንዳይከተልህ» ሲሉህ ትዝ ይለኛል። ከዚያ ምን ብለህ እንደመለስክላቸው ግን ጠፋኝ። ሳቁ ብቻ ቀረ። ዛሬ ጠዋት ያንን መጋረጃ ሳጣጥፍ መልስህን ለማስታወስ ብዙ ቆምኩ። ምስማሩ አልጠፋም፤ ይኸው ከወረቀቱ አጠገብ አለ።

ሰላምታ ሳላቀርብ ጀመርኩ፣ አትቀየመኝ። ውድ ወንድሜ ጋሼ ሱሌማን፣ አሰላሙ ዓለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካትሁ። እንዴት ከርመሃል? ከዒድ ወዲህ ድምፅህን አልሰማሁም። ጤናህስ? መሪ ላይ ብዙ ስትቀመጥ የሚይዝህ ወገብህ ተሻለህ ወይ? የጅዳ ሙቀት አሁን ረገብ ብሎ ይሆን? ሰብሪናስ እንዴት ናት? ልጃችሁ ጥርስ አወጣች? እኔ አልሐምዱሊላህ፣ ከናፍቆታችሁ በቀር የጎደለኝ የለም። እናታችንም ቡታጅራ ደህና ናት፤ ባለፈው ሳምንት ለገበያ የመጡ ሰዎች ሰላምታዋንና አንድ ቅል ቅቤ አድርሰውልኛል።

ስልክ እያለ መጻፌ ሳይገርምህ አይቀርም። ስልክ ላይ አንተ ትቸኩላለህ፣ ካርዱ ይበላል፣ እኔም «ሁሉ ደህና ነው» ብዬ እዘጋለሁ። ይህ ግን እንደዚያ ተብሎ የሚዘጋ አይደለም። ለቤት ብለህ የላክልኝ ዐሥራ ስምንት ሺህ ብር ቤት ሆኗል። ጎተራ ኮንዶሚኒየም፣ ባለ አንድ መኝታ፣ ሦስተኛ ፎቅ። እየጻፍኩልህ ያለሁትም እዚያው ሳሎን ውስጥ ሆኜ ነው። ቤቱ ግን በስሜ አይደለም። በእማማ ለተገብርኤል ስም ነው።

እስቲ ሳትቆጣ እስከ መጨረሻው አንብበው።

ካዛንቺስ የነበርንበት ግቢ ሊፈርስ ነው የተባለው አምና ነው። የቀበሌ ቤት እንደሆነ ታውቃለህ፤ ደባል አስገብቶ ኪራይ መቀበል ቤቱን ያስነጥቃል። ስለዚህ አንተ እዚያ ካስገባኸኝ ቀን ጀምሮ ለጠየቀ ሁሉ ልጃቸው ነበርኩ። ዐሥራ ሁለት ዓመት። ሰፈሩ ያውቃል፣ ዝም ይላል። የሚፈርሱትን ቤቶች የሚመዘግቡት ቆጣሪዎች የመጡ ቀን ግን ሰፈሩ አይደለም የተጠየቀው። ሁለት ናቸው፤ አንዱ መዝገብ ይዟል፣ ሌላው ወደ ኩሽናው አንገቱን አስግጎ ሁለቱን የሥጋ ድስቶች አየ። የእሳቸውና የእኔ፣ ጎን ለጎን። ሁለቱን ቢላዎችም አየ፤ የእኔው እጀታው ላይ ቀይ ክር አለው። የአንድ ቤት ሰዎች ሁለት የሥጋ ድስት ምን ያደርጉላቸዋል ብሎ ጠየቀ። እማማ ከወንበራቸው እንኳ ሳይነሱ፣ «ልጄ ናት። የእሷን ድስት የእሷ አላህ ያውቀዋል፣ የእኔን ቂርቆስ» አሉት። መዝገብ የያዘው ሳቀ። ሌላው አልሳቀም። ወደ እኔ ዞሮ፣ ደባል ከሆንሽ ዛሬውኑ ተናገሪ፣ ደባሎችም ለብቻቸው ለቤት ይመዘገባሉ እየተባለ ነው አለኝ።

ወሬው እውነት ይሁን ውሸት እስከ ዛሬ አላውቅም። እንዲያውም ለማጣራት አልሄድኩም። «ደባል ነኝ» ብል እኔ ምናልባት አንድ ቤት፣ እሳቸው ደግሞ ምናልባት መንገድ። በዚያች ደቂቃ ውስጥ ሁለቱ «ምናልባት»ዎች እንዴት እንደከበዱኝ መጻፍ አልችልም። እጄ ላይ የስፌት መቀስ ነበር። መቀሱ ክፍት ነበር፣ እሱ ትዝ ይለኛል። ከዚያ «እናቴ ናቸው» አልኩ። እንደዚያ ብዬ አላውቅም ነበር፤ ሁልጊዜ የሚሉት እሳቸው ናቸው።

ሦስት ወር ቆይቶ ኮንዶሚኒየሙ ደረሳቸው። ቅድሚያ ክፍያው በአንድ ወር ውስጥ ካልገባ ቤቱ ያልፋቸዋል። ከባላቸው ጡረታ በቀር ምንም የላቸውም። ወሬው ለደላሎች ከእኛ ቀድሞ ደርሶ ነበር መሰለኝ፣ በማግስቱ አንዱ መጥቶ፣ ማዘር ሦስተኛ ፎቅ ለርስዎ ምን ያደርጋል፣ በስውር ተዋውለን ልሽጥልዎት፣ ወደ ሰማይ ለመውጣት ምን አስቸኮለዎት አላቸው። እማማም እዚያ ደላላ ከሌለ ዛሬውኑ እወጣለሁ ብለው ሸኙት። ሳቅን። ከሄደ በኋላ ግን እውነትም አሳልፌ ልስጠው ይሆን፣ የትም አንድ ክፍል ይበቃኛል አሉ። እኔን አላዩኝም። «ይበቃናል» አላሉም።

እኔም በዚያው ሰሞን ኪራይ ስፈልግ ነበር፤ አልነገርኳቸውም። ወሎ ሰፈር አንዲት ክፍል ስምንት መቶ ብር፣ የሦስት ወር ቅድሚያ፣ የደላላው ለብቻው። አከራይዋ ስለ ስፌት መኪናዬ ስትሰማ፣ ይኼ ነገር ቀኑን ሙሉ ሊንኳኳ ነው ወይ ብላ መብራቱን ለብቻ ትከፍያለሽ አለችኝ። መስቀል ፍላወር ያየሁትን ዋጋ ብነግርህ አንተም ጅዳ ሆነህ ትደነግጣለህ። ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ደግሞ ርካሽ ነበር፤ እሱም ሊፈርስ ነው አሉኝ። ከሚፈርስ ወደሚፈርስ። አስበው፣ ለኮንዶሚኒየሙ ለባንክ በየወሩ የሚከፈለው የወሎ ሰፈሯን ክፍል ግማሽ እንኳ አይሞላም። ሒሳቡ ቀላል ነው፤ እኔ ደግሞ ሒሳብ አይከብደኝም። በሃያ አራተኛው ቀን ባንክ ሄጄ ከላክልኝ ላይ ቅድሚያውን ከፈልኩ። የተረፈው ለቀለም፣ ለመብራት ቆጣሪና ለአንድ በር ሆነ።

አሁን አንተ ውል አላችሁ ወይ ትላለህ። ድምፅህን ከዚህ እሰማዋለሁ። የለንም። ገንዘቡን ያስገባሁት እኔ ለመሆኔ አንድ የባንክ ደረሰኝ አለ፤ ፊርማዬ ታች ጥጉ ላይ። ሌላ የለም። እንዴት ብዬ ልጠይቃቸው? እናቴ ናቸው ብዬ በሁለት ሰው ፊት የመሰከርኩ፣ በማግስቱ እማማ እዚህ ላይ ይፈርሙልኝ ልበል? ልጅ ከእናቷ ውል አትጠይቅም። ደባል ብሆን እጠይቅ ነበር። ያ ነገር ነው ያሰረኝ፤ ብትስቅም ሳቅ።

ደረሰኙን በቀን አንድ ጊዜ አየዋለሁ። ስላልተማመንኩ አይደለም። እንዲያው ዐይኔ ይሄዳል።

ግን ጋሼ፣ ቤቱን ብታየው። ሲረከቡት ሲሚንቶ ብቻ ነበር፤ የመኝታ ቤቱ በር ያለበት ቦታ ባዶ ቀዳዳ። በሩን ያሠራሁት እኔ ነኝ፣ ቂርቆስ አካባቢ ካለ አናጢ፣ ለእማማ ብርድ እንዳይገባባቸው። እሳቸው ግን አንድም ቀን ዘግተውት አያውቁም፤ ሲዘጋ ትንፋሽ ያጥረኛል ይላሉ። እኔ ሳሎን ከመኪናዬ አጠገብ እተኛለሁ። ደረጃው ሃምሳ አራት ነው፤ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ጎረቤቶች ወንበር አስቀምጠውላቸዋል፣ እዚያ አርፈው የወጣ የወረደውን ሁሉ ሳይመርቁ አያሳልፉም። ሁለቱ ድስቶች እዚህም ጎን ለጎን ናቸው።

ሥራዬም ሰምሯል። እዚህ የገባ ሁሉ ባዶ መስኮት ይዞ ነው የገባው። እስካሁን የሦስት ብሎክ መጋረጃ ሰፍቻለሁ፤ አራተኛው ተራ እየጠበቀ ነው። የባንኩን ወርሃዊ ክፍያ አንድም ጊዜ አላሳለፍኩም፣ አላሳልፍምም። ገንዘቤ በሰው ስም ገባ ብለህ ቅር ካለህ ንገረኝ፤ በሁለት ዓመት ውስጥ እስከ መጨረሻዋ ሳንቲም እመልስልሃለሁ። ይህን የምልህ ለማስደሰት አይደለም፤ እንደምችል ስለማውቅ ነው። ስትመጡም ማረፊያ አላችሁ። ማንም አከራይ ስንት ቀን ትቆያላችሁ አይላችሁም።

አንድ ነገር ሳልነግርህ እንዳልቀር። የእማማ የሟች እህታቸው ልጅ አለ፣ ተወልደ የሚባል። በዐሥራ ሁለት ዓመት ሁለቴ ነው ያየሁት፤ አንዱም ለቅሶ ላይ። ወደዚህ ከገባን ወዲህ አራት እሑድ መጥቷል፣ ሙዝ ይዞ። ይህ ቤት ቢከራይ ጥሩ ያወጣል፣ አክስቴ ደግሞ እኔ ጋ ደረጃ የሌለው ክፍል አለላቸው ይላል። እኔንም አንዴ፣ «እህቴ፣ አንቺ እስከ መቼ ነሽ?» አለኝ። «እናቴ ናቸው» አልኩት። ሁለተኛ ጊዜዬ ነው። ክፉ ሰው አይደለም። ክፉ ቢሆን ይቀለኝ ነበር።

እማማ ሙዙን ተቀብለው፣ መርቀው ይሸኙታል። ባለፈው ሐሙስ ግን፣ ምሥር እየለቀሙ ሳሉ፣ ሙሉ ስሜን እስከ አያታችን ጠየቁኝ። በዐሥራ ሁለት ዓመት ጠይቀውኝ አያውቁም። ነገርኳቸው። ደግመው አስባሉኝና ወደ ምሥራቸው ተመለሱ። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኩም።

እኔ አልፈራሁም። ይህን በትልቁ ጻፊ ብትለኝ በትልቁ እጽፈው ነበር። ያደረግኩትን ዛሬ ድገሚው ብባል እደግመዋለሁ፤ መቀሱን ብቻ አስቀድሜ አስቀምጥ ነበር።

እንግዲህ ለሰብሪና ሰላምታዬን ስጥልኝ፤ የላከችልኝን ሻሽ ለዒድ አስሬው ሴቱ ሁሉ ከየት ነው ብሎኛል በላት። ልጃችሁን በሁለቱም ጉንጯ ሳምልኝ፤ አክስትሽ የምታቅፍሽ በመጋረጃ ሰፊ ሻካራ እጅ ነው ብለህ ንገራት። አብረውህ ለሚነዱት የቡታጅራ ልጆችም በየስማቸው ሰላም በልልኝ። እናታችን ዘወትር ዱዓ ታደርግልሃለች። እማማ ለተገብርኤልም፣ «ያ ምስማር መቺ ልጅ እንዴት ነው? ሲመጣ እዚህ ግድግዳው ብሎኬት ነው፣ እንደልቡ ይምታ» ብለውሃል። አላህ በሰላም ያገናኘን።

እህትህ ፈትያ
አዲስ አበባ፣ ቂርቆስ፣ ጎተራ
ኅዳር 9 ቀን 2001 ዓ.ም.

ፖስታውን ሳላሽገው ተወልደ መጣ። ዛሬ እሑድ አይደለም፤ ሙዝም አልያዘም። ብብቱ ሥር ሰማያዊ ፋይል አለ። እማማ የጠበቁት ይመስል ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሡ። እኔን አዩኝና፣ «ፈትዬ፣ አንቺ ሥራሽን ሥሪ» አሉኝ። መጀመሪያ እሱ ገባ፣ ቀጥለው እሳቸው፣ ግድግዳውን በእጃቸው እየደገፉ። ምስማሩን ከጠረጴዛው ላይ አነሣሁት። መልሼ አስቀመጥኩት። የመኝታ ቤቱ በር ተዘጋ።