ቁጠባ ያሉት ድርሻችን

ለውድ ወንድሜ፣

እንዴት ከርመሃል? የዋሽንግተን ብርድ ዘንድሮስ ደረትህን ተወው? እኛ ደህና ነን። እማዬም ዓይኗ ደከመ እንጂ አፏ አልደከመም።

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከእናንተ ምክር ቤት አንድ ሰውዬ መጥቶ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ሰበሰበን። ባሕራችን ለነዳጅ አውጪ ኩባንያዎች ሲከራይ ለክፍለ ግዛታችን ለሉዊዚያና ይደርሳት የነበረው ድርሻ በአዲሱ ሕግ ይቀራል፤ ገንዘቡ በሙሉ ለፌዴራሉ ካዝና ይገባል አለን። የጎርፍ መከላከያ ግድባችን የሚሠራው በዚያ ድርሻ ነው፤ ገና ግማሹም አላለቀም። ሰውዬው ግን «ቁጠባ» ብሎ ይጠራዋል።

ሽማግሌው ኡሊስ ዳርዳር ከኋላ ሆነው «ልጄ፣ ለመሆኑ ዋና ትችላለህ?» ቢሉት አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። እኔም ተነሥቼ «ቤታችንን ውሃ ሲወስደው ለእርዳታ የምታወጡት ከማን ካዝና ነው? እሱንስ ሒሳቡ ውስጥ አስገብታችሁታል?» አልኩት። ተናደደ። ሕጉን ያረቀቀውኮ የዚሁ መንደር ልጅ ነው ብሎ ስምህን ጠራ።

ሳቁ ጠፋ። ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። ከጎኔ አንዱ «ከሃዲ!» ሲል ሰማሁት።

«ያሳደግኩት እኔ፣ የምቆጣውም እኔ! አንተ አርፈህ ተቀመጥ!» አልኩት። ከዚያ እንግዳውን፣ ምክር ቤታችሁ ምስክር ሲሰማ የእኔን ስም አስቀድማችሁ ጥሩ አልኩት።

እንግዲህ ጥሪው ደርሶኛል፤ ሐሙስ እመጣለሁ። አንተ ከሊቀ መንበሩ ጀርባ እንደምትቀመጥ ዐውቃለሁ። አንገትህን እንዳትደፋ፤ ዓይን ዓይኔን እያየህ ስማኝ። ቤቱን ሽጣችሁ ኑ ላልከኝም መልሴ አጭር ነው፦ አንሸጥም። ጣቢያ መጥተህ እንዳትቀበለኝ፤ ሻንጣዬን ከተሸከምክልኝ ልቤ ይራራል። መስክሬ ስወጣ ግን ራት አብረን እንበላለን።

ለእማዬ የአዳራሹን ነገር አልነገርኳትም። «ግድቡን የሚያሠራልን ልጄ ነው» እያለች ለጎረቤት ስታወራ ነው የከረመችው። ትናንት አንተ የምትወደውን፣ ከባሕራችን የወጣ የደረቀ ሽሪምፕ ስቋጥርልህ ግድግዳውን እየዳበሰች መጥታ አጠገቤ ቆመች።

«በርበሬ ጨምሪበት» አለችኝ።

እሱኮ በርበሬ አይችልም አልኳት።

«ዐውቃለሁ» አለች። «ጨምሪበት።»

ማርያም ከክፉ ትሰውርህ፤ እጅህንም ደግ ነገር ታስጽፈው።

የማትለቅህ ታላቅ እህትህ