ከአጨዳ የተጀመረው ቤተ ክርስቲያን

ይድረስ ከልጅ ልጄ ከደምመላሽ። ከመንዝ ሰው ሁሉ ይልቅ የናፈቅኸኝ ሆይ፣ እንደምን ከርመሃል? እኔ በጎባ ብርድ ጥርሴን እያፋጨሁ አለሁ፤ የቀሩትን ሁለቱን ማለቴ ነው።

ቤተ ክርስቲያናችን ዘንድሮም አላለቀም። አሠሪው ሠርከአዲስ ምሰሶው ከሃረና ጫካ ሳይመጣ የክዳኑን ሣር አሳጨደና ዝናብ አበሰበሰው።

«ሥራ እንደ እርሻ ተራ አለው፤ አንተ ከአጨዳው ጀመርክ» አልኩት።

«ለከርሞ ይደርሳል፤ ምን አስቸኮለዎት፣ አባባ?» አለኝ።

የመሠረቱን የመጀመሪያ ድንጋይ ያኖረውን ጓደኛዬን ተሰማን ቤተ ክርስቲያኑ ሳያልቅ ግቢው ውስጥ መቅበር ስለማይቻል፣ ባለፈው ሳምንት ገላጣው ሜዳ ላይ ቀበርነው። እኔ ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ጥድ ሥር ጥሩ ጥላ መርጫለሁ። ስትመጣ እዚያ ፈልገኝ፤ ካጣኸኝ ሜዳውን ጠይቅ።

ከዚህ ሆኜ ጆሮህን የምቆነጥጥህ አያትህ፣ ተክለማርያም።