የወጥ ቤቱ ጥግ ዋጋ

ባሲንያና፣ በዚህ ጉዳይ የምጠይቀው አንቺን ነው። ወንድማችን ሞጋፒ አያውቅም፤ ግንበኛውም ለቀን ሥራው የመጣ ሰው ነው። አንቺ ግን ታውቂያለሽ።

ይህን ያስቀደምኩት ሰላምታው ልቤን አለስልሶ ወኔዬን እንዳይወስደው ብዬ ነው። አሁን ወደ ደንቡ ልመለስ። እንዴት ከርመሻል እህቴ? ጉልበትሽ እንዴት ሆነ? ያ የኬፕ ታውን የባሕር ንፋስ ዘንድሮስ ደረትሽን ማረልሽ? ሆስፒታሉ ውስጥ አሁንም ቀኑን ሙሉ ቆመሽ ነው የምትውዪው? ልጃችን ዋሮናስ ደህና ናት? እጮኛዋስ ጠባዩ እንደ መልኩ ነው? እኛ እዚህ ደህና ነን ይባላል። ብርዱ እየለቀቀ ነው፤ ከብቶቹ ከስተዋል እንጂ አልሞቱም። ታቶ፣ ፔሎና ኦኔይሌ በየሥራቸው ናቸው፤ ሦስቱም በወር አንድ ጊዜ ብቅ ይሉልኛል። የእኔ ዓይን ደክሟል፤ እጄ ግን እንደምታዪው ይጽፋል።

እስከ ዛሬ የደረሱሽን ደብዳቤዎች የጻፈልኝ ሞጋፒ ነበር። እኔ እናገራለሁ፣ እሱ ይጽፋል፤ ያልጣመውን ይዘለዋል። ፊደል የቆጠርኩት በስተርጅና፣ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ከመሰሎቼ አሮጊቶች ጋር ተኮልኩዬ ነው። ያኔ በስልክ፣ "እታለም፣ በሰማይ ቤት ፈተና አለ አሉሽ እንዴ?" ብለሽ ስቀሽብኛል። ይህን ደብዳቤ ግን በማንም ላስጽፈው አልችልም። በስልክም አልነግርሽም። ስልኩ የሞጋፒ ነው፤ አንቺን ሲያናግር ድምፁን ለቆ ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጠዋል፣ ያለፈ ያገደመው ሁሉ ይሰማሻል። ስለዚህ ረቡዕ ወደዚያ ለምትመጣው ለጎረቤታችን ልጅ አሽጌ እሰጣታለሁ፤ በእጅሽ ታደርስሻለች።

የላክሽው ገንዘብ የደረሰ ዕለት ሞጋፒ አዲሱን ጫማውን አድርጎ የፊት ግቢውን ሊለካ ወጣ። ግቢውን ከሚከበው አጭር ግድግዳ ተነስቶ እስከ ወጥ ቤቱ በእርምጃው ቆጠረና አሥራ አንድ ብሎ ጻፈ። በማግስቱ ግንበኛው ዲቲሮ በሜትር ሲለካው ዘጠኝ እንኳ አልሞላም። ዲቲሮም ሳቁን ዋጥ አድርጎ፣ "አባባ፣ እርምጃዎ ለሲሚንቶ ነጋዴ ተቀጥሮ ነው እንዴ?" አለው። ሞጋፒ፣ "ጫማው ጠቦኝ ነው" አለ። እኔም ከእነሱ ጋር ሳቅሁ። ያን ቀን ገና መሳቅ እችል ነበር።

ዲቲሮ ክፉ ልጅ አይደለም፤ ሥራውንም ያውቃል። አርባ ከረጢት ሲሚንቶ ይበቃል አለ። አሸዋው የወንዝ ይሁን፣ ከጉድጓድ የሚወጣው ቢረክስም ጨው ስላለበት በሁለት ክረምት ይላጣል አለ። ከሥር ጠጠር፣ በመሃል የሽቦ መረብ፣ ከላይ ቀይ ሊሾ። የዝናቡ ውሃ ወደ ቤት እንዳይገባ ወለሉ ወደ መንገዱ ዘንበል ይላል። ዋሮናን ሊጠይቁ የሚመጡት ሽማግሌዎች ፀሐይ እንዳይመታቸው በአራት ምሰሶ ላይ ቆርቆሮ ይዘረጋል። ይህ ሁሉ ከነእጅ ዋጋው ዘጠኝ ሺህ ፑላ አካባቢ ነው። ሞጋፒ፣ "የእህታችን ገንዘብ ነው፣ ቅር አይበላችሁ" እያለ ይንጎራደዳል።

አንቺ ደግሞ፣ "ልጄን ሊጠይቁ የሚመጡ ሰዎች እበት ላይ አይቀመጡም" ብለሻል አሉኝ። አርባ ዓመት በቀይ አፈርና በእበት የለቀለቅሁት፣ በጣቶቼ ሐረግ እየሳልኩ ያስጌጥኩት ወለል ነው። አንቺም ያደግሽው እሱ ላይ ተንበርክከሽ ነው። ይሁን፤ ነገሩ እበቱ ብቻ ቢሆን ኖሮ ወረቀት አላበላሽም ነበር። ወገቤም አልጎበጠም አልልም፤ በመጥረጊያና በባልዲ ውሃ ብቻ ቢጸዳልኝ በወደድኩ።

ነገር ግን ዲቲሮ ሲባጎውን ወጥሮ ችካል ሲተክል አራተኛው ችካል የት ላይ እንዳረፈ ታውቂያለሽ? ከወጥ ቤቱ ግድግዳ ሥር፣ ከሰዓት በኋላ ጥላ የሚያርፍባት ጥግ ላይ። እዚያ ለምሰሶው እስከ ጉልበት የሚደርስ ጉድጓድ ይቆፈራል፤ ከዚያ በላዩ ኮንክሪት ይሞላበታል።

ረስቼዋለሁ እንዳትዪኝ ልጻፈው። ተናግሬው አላውቅም፤ ጽፌውማ ከየት መጥቶ። ዝናብ የጠፋበት ዓመት ነበር። የመጀመሪያ ልጄን ለመውለድ እንደ ወጉ ወደዚህ፣ ወደ እናታችን ቤት መጣሁ። ወንድ ልጅ ነበር። ሁለት ቀን ኖረ። አለቀሰ፣ ጡቴን ያዘ፣ ከዚያ ተወኝ። ስም አልወጣለትም። እናታችንና አክስታችን በትንሿ ማሰሮ አድርገው ያቺ ጥግ ላይ ቀበሩት። አንቺ አሥራ ሦስት ዓመትሽ ነበር፤ ውሃ ቀድተሽ ተሸክመሽ ያመጣሽው አንቺ ነሽ። እናታችን ውሃውን በቀስታ አፈሰሰችና፣ "እንዲህ ያለ ሕፃን የተኛበት መሬት መቀዝቀዝ አለበት። መሬቱ ከጋለ ሰማዩም ይደርቃል" አለችን። ያን ዓመት ወሬው ቢወጣ የድርቁ ጥፋት በእኛ ቤት ይላከክ ነበር። "የሴት ጉዳይ ነው፣ ወንድ ጆሮ አይግባ" ብላ ሁለታችንንም አስማለችን። አንቺ ባዶውን ባልዲ እንደያዝሽ ስታለቅሺ አስታውሳለሁ። እኔ አላለቀስኩም፤ አታልቅሺ ተብያለሁና።

እናታችንም አክስታችንም አልፈዋል። ቦታውን የምናውቅ ሁለት ቀርተናል፤ እኔና አንቺ። ግቢውን በለቀለቅሁ ቁጥር እዚያ ጥግ ስደርስ ውሃ ጨምሬ አፈስሳለሁ። ሞጋፒ አይቶኝ፣ "እታለም፣ ጥጓን ታጠጫታለሽ እንጂ አትለቀልቂያትም፤ ትበቅላለች እንዴ?" ይለኛል። እኔም ሆድ ይፍጀው ብዬ ልቅለቃዬን እቀጥላለሁ። ሲሚንቶ ግን ፀሐይ ሲመታው እንዴት እንደሚግል አንቺ ከከተማው ሰው ይልቅ ታውቂዋለሽ። በባዶ እግር አይረገጥም።

ስለዚህ ዋሸሁ። ለዲቲሮ፣ "ያቺን ጥግ ተውልኝ፣ ሎሚ ልተክልባት ነው" አልኩት። ሞጋፒ፣ "በስድሳ ሦስት ዓመትሽ ሎሚ? ፍሬውን ማን ሊለቅምልሽ?" ብሎ ሳቀብኝ። ዲቲሮ ራሱን አከክ አከክ አደረገና፣ "እማማ፣ ይቻላል፤ ግን መተዉ ከመሙላቱ ይወደዳል" አለኝ። ምሰሶው ሲሸሽ አግዳሚው ብረት ይረዝማል፣ ጥጓን የሚከልል ሳንቃም ይገዛል። እኔም ልክፈል አልኩት። "አንድ ዶሮ ሸጬም ቢሆን እከፍላለሁ" ስለው ሞጋፒ፣ "አንድ ዶሮማ ለችካሉም አይበቃም" አለ።

በማግስቱ ደወለልሽ። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። "እታለም ከወጥ ቤቱ አጠገብ ያለችው ጥግ ትቅርልኝ ትላለች፣ ሎሚ ልትተክልባት" አለሽ። አንቺ ዝም አልሽ። ስልኩ የተቋረጠ መስሎት ሞጋፒ ሁለት ጊዜ አሎ አለ። ከዚያ፣ "ሎሚ ከገበያ ይገዛል። እስከ ግድግዳው ድረስ ሙሉ በሙሉ ይለበጥ" አልሽ።

ያ ዝምታሽ ነው ይህን ያስጻፈኝ። ረስተሽው ቢሆን ኖሮ ወዲያው ትመልሺ ነበር፤ ትስቂም ነበር። አስበሽ ነው የመለስሽው። ምናልባት ሐኪም ቤት ውስጥ ብዙ ሕፃን ሲሞት ስላየሽ የእኔው አንዱ ሆኖብሽ ይሆናል። ምናልባትም የልጅሽ ሽማግሌዎች የሚቀመጡበት ቦታ ንጹሕ ሆኖ፣ ከሥሩ ምንም የሌለ እንዲመስልሽ ፈልገሽ ይሆናል። አላውቅም። እኔ ያወቅሁት ልናገር ስል ሞጋፒና ዲቲሮ ከፊቴ መቆማቸውን ነው። መሐላዬን ይዤ ዝም አልኩ። አንቺ የእኔን አፍ የዘጋውን መሐላ ተከልለሽ ፈረድሽብኝ።

ትናንት ዲቲሮ የዋጋውን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ትቶት ሄደ። አነበብኩት። ከሲሚንቶውና ከአሸዋው ሥር፣ "ጥግ ለመተው፣ የእማማ ሎሚ፣ 240 ፑላ" የሚል ተጽፎ በላዩ በቀይ መስመር ተሰርዟል። አጠገቡ የሞጋፒ እጅ ጽሑፍ አለ፤ "ባሲንያና አልፈለገችም" ይላል። ማንበብ ባልችል ኖሮ ይህን አላይም ነበር። አንዳንድ ቀን መሃይምነቴ ይናፍቀኛል።

ቁፋሮው የሚጀመረው ከሚመጣው ሰኞ ቀጥሎ ባለው ሰኞ ነው። ይህ ከደረሰሽ በኋላ በቂ ጊዜ አለሽ። ደውለሽ ለሞጋፒ፣ "አሳቤን ለውጫለሁ፣ ጥጓ ትቅር" በዪው። ምክንያት አትስጪው፤ ገንዘቡ የአንቺ ስለሆነ አይጠይቅሽም። እኔ በጠየቅኩት ጊዜ የሎሚ ሰበብ ያስፈለገኝ ገንዘብ ስለሌለኝ ነው። ካልደወልሽ በርጩማዬን አውጥቼ እዚያች ጥግ ላይ እቀመጣለሁ፤ ለሞጋፒም፣ ዶማ ለያዘውም ሰው ከሥሬ ያለው ማን እንደሆነ እነግራቸዋለሁ። የእናታችንን መሐላ መስበር ይከብደኛል። ልጄን ዶማ ሲያገኘው ማየት ግን ከዚያ ይብሳል። ለሠርጉ ክፉ አልመኝም፤ ዋሮናን እኔም አሳድጌያታለሁ። ሽማግሌዎቹ ይምጡ፣ ኮንክሪቱ ላይ ይቀመጡ፣ የጥሎሹ ከብቶችም ይቆጠሩ። አንዲት ክንድ ከስንዝር አፈር ብትቀር የሚያፍር ሽማግሌ የለም።

ዋሮናን ጉንጯን ሳሚልኝ፤ እጮኛዋን አክስትህ ሰላም ትልሃለች በዪው። ጎረቤትሽን፣ ያቺ ሽንኩርት የምትልክልሽን ሴትዮ፣ እግዜር ይስጥልኝ በያት። ሞጋፒ ሰላም ብሎሻል፤ ሚስቱም የላክሽላት ሻርፕ ልክ ሆኖላት ለብሳው ትውላለች። ታቶ፣ ፔሎና ኦኔይሌም አክስታችን ትኑርልን ይላሉ። ለአንቺም ጤና እለምንልሻለሁ፤ ከልቤ ነው፣ እህቴ ነሽና። ግን ደወልሽም አልደወልሽም አንድ ነገር ቆርጫለሁ። ከእንግዲህ ስንት ወልደሻል ብሎ ለሚጠይቀኝ ሰው፣ ሦስት ብዬ አልመልስም።

እህትሽ፣ የታቶ እናት
ሞሹፓ፣ ኦገስት 14 ቀን 2006