ሦስተኛው ብሎን

ሴፕቴምበር 11፣ 1979
ዝናብ። የፋብሪካው መገጣጠሚያ መስመር ጫፍ ላይ ቆሜ መቶ አርባ መኪና መረመርኩ። በሩ አልዘጋ ያለ ሦስት፣ መብራት የሌለው አንድ፣ የሞተሩ ኮፈን ውስጥ የሆነ ሰው ምሳውን የረሳበት አንድ። መኪናውን መለስኩት፤ ዳቦውንና ዓሣውን ገጣጣሚው ጌናዲ በላው። የወሩ መጨረሻ ገና ስለሆነ ሁሉም ረጋ ብሎ ነው የሚሠራው።
አባዬ ማታ "ሪምካ፣ ወረፋው እንዴት ሆነ?" አለኝ። መኪና ለመግዛት ከተመዘገበ ዘጠኝ ዓመቱ። ሠላሳ አንድ ዓመት ደብዳቤ በእግሩ ሲያድል የኖረ ሰው፣ አሁን ተቀምጦ መሄድ አማረው። ይፈረድበታል?

ሴፕቴምበር 25
ብሎን አልቋል። መስመሩ ከቆመ ሦስተኛ ቀኑ። ሰዉ ሣጥን ላይ ተቀምጦ ካርታ ይጫወታል። የወሩ እቅድ ግን እንዳለ ነው...

ሴፕቴምበር 29
ብሎኑ መጣ። ልኩ አይደለም!
መሪውን ከመኪናው አካል ጋር የሚይዙት ሦስት ብሎኖች ናቸው። ሁለቱን ከድሮው ክምችት ለቃቅመው አገኙ፣ ሦስተኛው ከአዲሱ። አልገባ ሲላቸው በመዶሻ። ጌናዲን እጅ ከፍንጅ ያዝኩት።
"ጥርሱን እኮ ጨረስከው!"
"ታዲያ ምን ላርግ? በልመና አይገባ!"
ሰባ ሁለት መኪና አላሳልፍም ብዬ ጎን አቆምኩ።

ሴፕቴምበር 30
እሁድ ነው፤ ሁላችንም ገባን። የክፍሉ ኃላፊ ዛሃር ኩዝሚች ራሱ መጣ። አልጮኸም። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር።
"ሪማ ኤፊሞቭና፣ እዚህ ስንት ሰው ነው የሚሠራው?"
"አራት መቶ።"
"አራት መቶ ሰው በአንቺ ምክንያት እቅዱን ስቶ ጉርሻውን ሊያጣ ነው። ሁለቱ ብሎን ይበቃል።"
"ሦስተኛው ታዲያ ለምን ተሠራ?"
"እንዳንቺ ላለ ጠያቂ! የማሳለፊያ ማኅተምሽን ወዲህ በይ። እጅሽ ከከበደሽ እኔ እመታልሻለሁ።"
ሰጠሁት። ማንም እጄን አልጠመዘዘም። ከኪሴ አውጥቼ ሰጠሁት... ለምን? የመስመሩ ሴቶች ሲያዩኝ አፈርኩ መሰለኝ። ሰባ ሁለቱን ለማተም ሃያ ደቂቃ እንኳን አልፈጀበትም።

ኦክቶበር 17
የአባዬ ካርድ መጣ! "መጥተው መኪናዎን ይረከቡ።" አራቴ አነበበው። ጎረቤት ሁሉ ሰማ።

ኦክቶበር 20
ቢጫ ናት። አባዬ ሙሉ ልብሱን ለብሶ ሄደ። ወረቀቱን ሰጡን፤ ምርመራ ያለፈችበት ቀን ሴፕቴምበር 30። ከሥሩ ማኅተም፣ ቁጥር 47። የእኔ ቁጥር።
"ይሄ ያንቺ አይደለም እንዴ?" ብሎ ወደ ሻጩ ዞረ። "ልጄ ናት ያሳለፈቻት! የገዛ ልጄ!"
እሱ እየነዳ፣ እኔ የበሩን እጀታ ጨብጬ ቤት ደረስን።
"ቀስ በል፣ አባዬ።"
"በሠላሳ ነው እኮ የምሄደው! ምነው ፈራሽ?"

ኦክቶበር 21
አባዬ ከእንቅልፉ ሳይነሣ ወርጄ ኮፈኑን ከፈትኩ። ሦስተኛውን ብሎን በጣቴ አዞርኩት። ዞረ።
ዛሬ እህቱ ጋ፣ ገጠር ሊነዳ ነበር። ነገርኩት። ሁሉንም። ማኅተሙን መስጠቴንም።
የመኪናዋን ቁልፍ ከኪሱ አወጣ። "አይጠገንም?"
"የሚይዘው ብረት ራሱ መቀየር አለበት። መለዋወጫው የሁለት ዓመት ወረፋ አለው።"
"ሌሎቹ ሰባ አንዱስ?"
"ተሸጠዋል።"
"ለማን?"
"አላውቅም" አልኩት። ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና መስኮቱ ጋ ሄዶ ቆመ።

ኦክቶበር 26
ዛሃር ኩዝሚች ቢሮ ገባሁ። የተሸጡት መኪኖች ተጠርተው ይመለሱ አልኩት።
"የትኞቹ መኪኖች?"
"ሴፕቴምበር 30 ያሳለፍካቸው።"
"እኔ? ማኅተሙ የማን ነው?"
"የእኔ..."
"ታዲያ ማንን ልትከሺ ነው የመጣሽው፣ ጓድ?"
ወጣሁ።

ኖቬምበር 4
አባዬ ጠዋት ጠዋት ባርኔጣውን አድርጎ ይወርዳል። ግቢ ውስጥ የቆመችው መኪና ውስጥ ገብቶ መሪውን ይዞ ይቀመጣል። አያስነሣትም። ዛሬ ጎረቤታችን ክላቭዲያ መስታወቱን አንኳኳች።
"ኤፊም ሳቬሊች፣ ዛሬም አትሄድም?"
"በረዶ ሊጥል ነው። ለጸደይ እያቆየኋት ነው።"
እኔን ሸፍኖ ዋሸ። ዕድሜውን ሙሉ ውሸት የማያውቅ ሰው! ገርበብ ባለው መስኮት፣ መጋረጃው ጀርባ ቆሜ ሰምቼ አለቀስኩ።

ኖቬምበር 30
የወር መጨረሻ። ሁለት መቶ ስድስት መኪና። ማኅተሙን ራሴ መታሁ። ጌናዲ መዶሻውን ከጀርባው ሊደብቅ ሲል "ተወው፣ አትድከም" አልኩት። ከሰዓት በኋላማ ኮፈኑንም አልከፈትኩም።
እራት ላይ አባዬ "ዛሬ የመለስሽው አለ?" አለኝ።
"የለም።"
ቀና ብሎ አላየኝም። "ብዪ፣ ሾርባው ይቀዘቅዝብሻል" አለ።