ለቦንቱ የመረጥኩት ጌም

ሰኞ፣ ኅዳር 1 ቀን 79። ከሰ. 10 ሰ.

አፍንጫ ጠረግሁ። የዱቄት ወተት በጠበጥሁ። የተጣሉ አስታረቅሁ። የዘወትር ሥራ። አሁን ልጆቹ ወደየቤታቸው ሄደዋል፣ የቀበሌው መዋዕለ ሕፃናት ጭር ብሏል። ደብተሬ፣ ሌላ የምነግረው ሰው የለኝምና ለአንቺ ልንገርሽ፤ ዛሬ ብግን ብያለሁ።

ሌሊሴ ናት። ዘንድሮ አዲስ አበባ ሰልጥና መጥታ ከእኔ ጋር የምታስተምረው ልጅ። ወንድሟ ጀርመን ተምሮ ተመልሷል፤ ጌም የሚሉት ነገር ይዞላት መጣ። የሳሙና መያዣ የምታህል፣ መስታወት ያላት። በመስታወቷ ውስጥ ጥቁር ጥቁር ሥዕል ይሮጣል፣ ቁልፏን ሲጫኑት ጢጥ ጢጥ ትላለች። በቃ! ልጆቼ ሁሉ እሷ ጉያ ተወተፉ። ከበቆሎ አገዳ የሠራሁላቸው መኪና ደጅ ወድቆ ዶሮ ቆማበታለች።

የሌሎቹስ ይሁን። ቦንቱ እንኳ! አራት ዓመቷ ነው። ታላቅ ወንድሟ ገመቹ ለብሔራዊ ውትድርና ከሄደ ወዲህ አፏን ዘግታ የነበረች ልጅ፣ መጀመሪያ የተናገረችው ለእኔ ነው። ቀሚሴን ሳትይዝ ሽንት ቤት እንኳ አትሄድም ነበር። ዛሬ ጭኔ ላይ ላስቀምጣት ስል እጄን ገፋችው። ገፋችኝ እኮ!

ረቡዕ፣ ኅዳር 3። ምሳ ሰዓት።

ጧት የቦንቱ እናት በር ላይ ያዘችኝ። ወደ ጉቴ ገበያ መሄዷ ነው። አዴ አስካለ፣ አካም ጅርቱ፣ ልጆቹ ደኅና ናቸው ወይ፣ ሰላምታው ረዘመ። ከዚያ ስለ ገመቹ። ለፈቃድ የመጣ ጓደኛው ነግሯት ነው፤ ልጇ ከአይሮፕላን በጃንጥላ መዝለል እየተማረ ነው። ትስቃለች፣ ወዲያው ደግሞ ዓይኗ እንባ ያቀራል። እሰይ፣ ጎበዝ ነው፣ አልኳት። ልቤ ግን እዚያ አልነበረም። ቦንቱ የእናቷን እጅ ለቃ ወደ ሌሊሴ ስትሮጥ እያየሁ ነበር።

በእረፍት ሰዓት ልመልሳቸው ሞከርኩ። የእኛን የ«ካኢ» ጨዋታ አስጀመርኩ። እኔው ነኝ ያወጣሁት፤ አንዱ መሐል ይወድቃል፣ ሌሎቹ ዙሪያውን «ካኢ! ካኢ!» ይላሉ፣ ተነስ ማለት ነው በኦሮምኛ፣ ከዚያ ሁሉም ጎትተው ያነሱታል። ሕጉ አንድ ነው፤ ወድቆ የሚቀር የለም። ቦንቱም ዝምታዋን የሰበረችው በዚሁ ጨዋታ ነው። የመጀመሪያ ቃሏ ካኢ ነበር።

ዛሬ ጥቂቶች መጡ። ቦንቱ አልመጣችም። ሌሊሴ ግን መጣች! እትዬ፣ እኔም ልግባ ወይ፣ አለችኝ፣ ፈገግ ብላ። እትዬ! አሮጊት አደረገችኝ። ባለጌ ብትሆን እንኳ ይሻለኝ ነበር፤ በምን ልጥላት?

ዓርብ፣ ኅዳር 5። ከስብሰባ መልስ።

ጉድ ነው። የሌሊሴ ወንድም ያመጣቸው ጌሞች ሦስት ናቸው፤ ባለ ዶሮዋ፣ ባለ መኪናዋ፣ ባለ ጃንጥላዋ። አንዷን ለመዋዕለ ሕፃናቱ ይሰጣል። ሁለቱን ረቡዕ ጧት ጊምቢ ላሉት የእኅቱ ልጆች ይወስዳል። የቀበሌው ሊ/መንበር ለረጅም ሰዓት ስለ ሳይንስና ስለ ነገው ትውልድ ተናገሩ። መጨረሻ ላይ፣ ለሕፃናት የሚስማማውን ጓድ አስካለ ትምረጥ፣ ነባር ናት፣ አሉ።

ሌሊሴ አስተያየት ሰጠች። ለዚህ ዕድሜ ዶሮዋ ናት የምትሆነው፣ አለች፤ ምክንያቷንም አስረዳች፣ ትምህርት ቤት የተማረችውን ጨምራ። ሁሉም ራሱን ነቀነቀላት። እዚያው ተቀምጬ ያቺን ዶሮ ጠላኋት።

ሦስቱንም በፌስታል ይዤ ቤት ገባሁ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 6። ጧት።

ባለ መኪናዋ፦ ቁልፎቿ ጠንካራ፣ ለሕፃን ጣት አይሆኑም። ቀረች።

ባለ ዶሮዋ፦ እውነቱን ልናገር እንዴ? ጥሩ ናት። ዶሮዎቹ እንቁላል ይጥላሉ፣ በቅርጫት መቀበል ነው። ዝግ ያለች ናት። እንቁላሉ ቢያመልጥ እንኳ ጫጩት ሆኖ ቱር ይላል። ብቻዬን ሳቅሁ። ሳቄን ስሰማ ደግሞ ተናደድኩ።

ባለ ጃንጥላዋ፦ ከአይሮፕላን ሰዎች ይወርዳሉ፣ ከታች ጀልባ አለ። ጀልባው ካልደረሰ ሰውየው ባሕር ይገባል። ሦስት ሰው ከገባ ጨዋታው አለቀ፤ ሲጢጥ ይልና ጸጥ። ይፈጥናል። እኔ ትልቋ ሴትዮ እንኳ አልቻልኩም። ለአራት ዓመት ልጅ ፈጽሞ አይሆንም።

ፈጽሞ አይሆንም... ታዲያ እኮ! ይሞክሯታል፣ ያለቅሳሉ፣ በሳምንቱ ዓይንሽ ላፈር ይሏታል። የሌሊሴም ስጦታ አበቃለት። ቦንቱ ወደ ቀሚሴ ትመለሳለች።

ምን ልሁን ደብተሬ? አትፍረጂብኝ። ልጅ አልወለድኩም። ያለኝ ያ ግቢ ነው።

ሰኞ፣ ኅዳር 8።

ባለ ጃንጥላዋ ተመረጠች። አፌ እንዴት እንደሚፈታ! ንቃትን ታዳብራለች፣ የአብዮታዊ ሠራዊታችንን ጀግንነት ገና ከሕፃንነት ታስተዋውቃለች አልኩ። ሊ/መንበሩ አጨበጨቡ። እሳቸው ካጨበጨቡ ማን ይቀራል።

ሌሊሴ ተነሳች። ቆይታ፣ ልጆቹን ከእኔ ይልቅ እትዬ ያውቋቸዋል፣ ብላ ተቀመጠች። ተከራክራኝ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ደስ ብሎኝ እበላ ነበር። እራቴ አልወረደልኝም።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9። ከሰ. 11 ሰ.

እንደ ምንም ልጻፈው።

ጧት ጌሟን አስረከብናቸው። በተራ በተራ። ያሰብኩት ሁሉ ሆነ፤ አንዱ አለቀሰ፣ ሌላው ወረወራት። በሆዴ ጮቤ እረግጣለሁ። ከዚያ የቦንቱ ተራ ደረሰ።

አይሮፕላኑ ሲመጣ ፊቷ በራ። «ገመቹ!» አለች። ጃንጥላውን እያሳየች፣ ገመቹ ነው፣ ገመቹ መጣ። የእናቷ ወሬ ያኔ ትዝ አለኝ። ልነጥቃት እጄን ስዘረጋ ሰውየው ባሕር ገባ። ሁለተኛው። ሦስተኛው። ሲጢጥ። ጸጥ።

አላለቀሰችም። ጌሟን መሬት አስቀመጠችና፣ እንዳስተማርኳት፣ «ካኢ!» አለች። ልጆቹ ዙሪያዋን ቆሙ። ካኢ! ካኢ! ግቢው በሙሉ። የሚነሳ የለም። ማሎ፣ ምን ጉድ ነው ስል ጌሟን አንስታ ወደ እኔ መጣች። ሌሊሴን አልፋ፤ ወደ እኔ። ስንት ቀን የተመኘሁት!

«እትዬ፣ አንሺው።»

ተቀበልኳት። ቁልፏን ተጫንኩ። እንደገና ጀመረ፣ አዲስ ሰው ወረደ። ይኸው ተነሳ፣ አልኳት። አየችው። ከዚያ እኔን አየችኝ።

«ይሄ ሌላ ነው። ገመቹን አንሺው።»

ወድቆ የሚቀር የለም ያልኳት እኔ ነኝ። አቀፍኳት፣ ግን በእጄ ላይ ደረቀች። የማንንም ቀሚስ አልያዘችም፣ የሌሊሴንም። እናቷ መጥታ እስክትወስዳት ድረስ ግድግዳ ተደግፋ ተቀመጠች። አንድ ቃል የለም። ሌሊሴ ገመቹ የት እንደሄደ ከቦንቱ እናት ስትሰማ አፏን በእጇ ያዘች። እኔን አልወቀሰችም። እትዬ አላወቁም ነበር መሰለኝ፣ አለቻት እናትየዋን። እኔ ጎንበስ ብዬ ጌሟን በመሐረቤ ጠቀለልኩ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10። ጎህ ሲቀድ።

የጊምቢው አውቶቡስ 12 ሰ. ይነሳል። ዶሮዋ በሌሊሴ ወንድም ሻንጣ ውስጥ ናት። ዛሬ ከሄደች ሄደች።

ጃንጥላዋን በመሐረብ ጠቅልያለሁ። በዶሮዋ እለውጣታለሁ። ሌሊሴም ወንድሟን ለመሸኘት መናኸሪያ አትቀርም። ለምን ጃንጥላዋን መረጡ ትለኛለች። አላወቅሁም ብል ታምነኛለች፤ ትናንት ራሷ አፌ ላይ አስቀምጣልኛለች። ግን አውቅ ነበር። እናቲቱ ነግራኛለች፤ እኔ ዓይኔ አንቺ ላይ ነበር፣ ቀንቼብሽ ነው፣ እላታለሁ። ምድር ብትውጠኝ ደስ ይለኛል። አሁንም እቀናለሁ እኮ! ፀጉሯ ሲያምር፣ ልጆቹ ስሟን ሲጠሩ... አልለቀቀኝም።

ዶሮዋን ለቦንቱ ማን ይስጣት? እኔ ብሰጣትስ? ተንበርክኬ፣ እንቁላሉ ሲወድቅ ጫጩት ሆኖ ሲሮጥ አብረን አይተን፣ ከሳቀች... እኔን አይታ ከሳቀች...

አይሆንም። ሌሊሴ ትስጣት። እኔ ቦንቱ አጠገብ እንደ ጨዋታችን እወድቃለሁ፣ እዚያው አፈሩ ላይ፣ በነጠላዬ። አፏን እስክትከፍት ድረስ አልነሳም። ካኢ ካላለችኝ

የአውቶቡሱ ጥሩምባ ተነፋ። ልሩጥ።