ማር እያለኝ የከለከልኳት

ዴም፣ ካርቱም፤ ሰኔ 9 ቀን 1995 ዓ.ም.

ሃቡቡ፣ የአቧራው ማዕበል፣ ከሰዓት ጀምሮ ሰማዩን ጋርዶታል። መስኮቱ ላይ እርጥብ አንሶላ ብንሰቅልም አቧራው መግባቱን አልተወም። የአምስት ወሯ ልጄ ዘሃራ ሳሉ ጠንቶባታል።

ሐጃ አምና የሚባሉት ጎረቤታችን ገብተው፣ "ያ ወለዲ፣ ልጄ፣ የማር ነጋዴ ልጅ በሳል ትሰቃይ? ትንሽ አልሳት፣ ኢንሻአላህ ይለቃታል" አሉኝ።

ሚስቴ ዘይነባም፣ "ለባዳ ትሸጣለህ፣ ለልጅህ ትሰስታለህ" አለች። ዓመት ላልሞላው ሕፃን ማር መርዝ ሊሆን እንደሚችል ልጅቷን የሚያያት ሐኪም ነግሮኛል። ሕፃን ለያዘች እናት ስሸጥም ይህን ሳልናገር አላስረክብም። ሐኪሙ ያዘዘንን ብቻ አደረግን፤ ከፋርማሲ የመጣውን የጨው ውሃ አፍንጫዋ ውስጥ ጠብ አደረግንላት፣ ቶሎ ቶሎ ጠባች፣ ቀና አድርገን ያዝናት።

አመሻሽ ላይ ጡቱን ተወችው። ስትተነፍስ ደረቷ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል። ከዚህ በኋላ የቤት ነገር አይሆንም፣ ሐኪም ቤት ነው። ዋናው መንገድ ላይ ያገኘሁት የባለሦስት ጎማ ረክሻ ነጂ ግን፣ "ወላሂ፣ የራሴ እጅ አይታየኝም" ብሎ ሞተሩን አጠፋ። በእግር እንዳንወስዳት አቧራው ያፍናታል።

ዘይነባ ጠቅልላ ይዛት በሩ ሥር ተቀምጣለች፤ ትንሽ ገለጥ ሲል እንወጣለን። ጠዋት ሳሉ እንዲቆምላት እመኝ ነበር። አሁን ጸጥ ባለች ቁጥር ተነስቼ እጄን ደረቷ ላይ አደርጋለሁ።